ከፊቱ የአሸዋ ጆንያ የተደረደረለት የባህር ዳር ቤት ልንገዛ ነው፤ ምን እንጠይቅ?

ዘአሌክሳንድሪያ

ሰላም ቤተሰብ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አራት ጓደኛሞች ነን፣ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። የእቁብ ገንዘባችንን አንድ ቁም ነገር ላይ እናውለው ብለን ኖርዝ ካሮላይና አውተር ባንክስ (ከዋናው መሬት ፊት የተዘረጉት የአሸዋ ደሴቶች) ላይ ቤት ማየት ጀመርን። ሰመር ላይ በሳምንት እያከራየን፣ ከሰመር ውጭ ደግሞ ራሳችን ከልጆቻችን ጋር ልንጠቀምበት ነው ሀሳባችን።

አሁን አንድ ቤት አግኝተናል። በረጃጅም የእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ፣ አምስት መኝታ ያለው ቤት ነው። በረንዳው ላይ ስትቆም ከፊትህ ውቅያኖስ ብቻ ነው። ዋጋው ግን ከመንገዱ ማዶ ካሉት ተመሳሳይ ቤቶች በግማሽ ያንሳል። ሄደን ስናየው ከቤቱ ፊት ትልልቅ የአሸዋ ጆንያዎች ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ ተቀደዋል። ደላላውን ስንጠይቀው «እንደውም ይሄ ጥቅም ነው፣ ቤቱ ጥበቃ ተሰርቶለታል» አለን።

ጆንያዎቹ በህግ የተፈቀዱ ናቸው ወይ? ሲያረጁስ እኛ መተካት እንችላለን? ከመካከላችን አንዱ ኮንትራክተር ነው። እሱ ደግሞ ጆንያውን አንስተን አንዴ ደህና የኮንክሪት ግንብ እንስራና እንገላገል ይላል። ያወቀ ይንገረን።

ቡና_ሶስተኛ

ወንጌሉ ላይ ቤቱን በአሸዋ ላይ ስለሠራው ሰው ተጽፎልህ የለ እንዴ ወንድሜ? አንተ ደግሞ አሸዋው ራሱ በጆንያ የታሰረበት ቦታ ሄድክ 😂

ሰርቬየሩ

ዘአሌክሳንድሪያ፣ እኔ እዚያው ኖርዝ ካሮላይና ዳርቻ ላይ መሬት በመለካት ነው የምተዳደረው። ብዙ ጆንያ አይቻለሁ። ሳልሸፋፍን ልንገርህ።

መጀመሪያ የግንቡን ነገር እንዝጋው። በዚህ ስቴት በውቅያኖስ ዳርቻ ላይ የኮንክሪት ግንብም ሆነ የድንጋይ ክምር መስራት ክልክል ነው። የስቴቱ የባህር ዳርቻ ሀብት ኮሚሽን በ1985 በደንብ ከለከለው፣ በ2003 ደግሞ ምክር ቤቱ ህግ አደረገው። ከዚያ በኋላ የባህር መግቢያዎች (ውቅያኖሱ በደሴቶቹ መካከል ወደ ውስጥ የሚገባባቸው ክፍተቶች) አጠገብ ብቻ ጥቂት የድንጋይ ግድቦች እንዲሰሩ ተፈቅዷል፤ እሱም የከተማ ፕሮጀክት እንጂ የግለሰብ ቤት ጉዳይ አይደለም። ጓደኛህ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ኮንትራክተር ቢሆን ፈቃድ አያገኝም። ያለ ፈቃድ ከሰራው ያስነሱታል።

ለምን ተከለከለ? የአሸዋ ዳርቻ ባለበት የሚቆም ነገር አይደለም። ባህሩ ሲገፋው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ አሸዋው ግን አብሮት ያፈገፍጋል እንጂ አይጠፋም። ግንብ ስትሰራ የመሬቱን ጠርዝ ቸነከርከው ማለት ነው። ውሃው መምጣቱን አይተውም። በግንቡና በውሃው መካከል ያለው አሸዋ እየጠበበ፣ እየጠበበ ይሄድና አንድ ቀን ማዕበሉ ቀጥታ ግንቡን እየመታ ታገኘዋለህ። ያኔ ሰው የሚራመድበት የለም። ግንቡ ጫፍ ላይ ደግሞ ማዕበሉ ዞሮ የጎረቤትህን መሬት ይበላል። ጎረቤትህ እሱም ግንብ ይሰራል። እንዲህ እያለ ዳርቻው በሙሉ ግንብ ይሆናል።

ስለዚህ ደንቡ ለግለሰብ ባለቤት የተወለት የአደጋ ጊዜ መከላከያ ጆንያ ነው። እሱም በስሙ «ጊዜያዊ» ነው። ቤቱ አስቸኳይ አደጋ ላይ ነው የሚባለው መሠረቱ ወይም የሴፕቲክ ሲስተሙ (የቤቱ ፍሳሽ የሚጠራቀምበትና ወደ አፈር የሚሰርግበት)፣ ማዕበሉ አሸዋውን ቆርጦ ካቆመበት ጠርዝ ከ20 ጫማ ባነሰ ርቀት ላይ ሲሆን ነው። ስድስት ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ራቅ ቢልም የቦታው ሁኔታ አደጋውን ካባባሰው ሊፈቅዱ ይችላሉ። የሚጠበቀው ደግሞ ቤቱና ሴፕቲኩ ወይም መንገድ ነው። ለመዋኛ ገንዳ፣ ለበረንዳ፣ ለጋዜቦ ጆንያ አይፈቀድም።

ጆንያው ራሱ ልክ አለው። ሳይሞላ ተዘርግቶ ሲለካ ወርዱ ከ3 እስከ 5 ጫማ፣ ርዝመቱ ከ7 እስከ 15 ጫማ ነው። ቀለሙ የአሸዋ ቀለም መሆን አለበት። ክምሩ ከታች ወርዱ ከ20 ጫማ፣ ቁመቱ ከ6 ጫማ አይበልጥም። በእንጨት ወይም በብረት ምሰሶ ማሰር ክልክል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ካሰርከው ግንብ ሆነ።

ጊዜውም የተወሰነ ነው። ድሮ ለትንሽ ቤት 2 ዓመት፣ ከ5,000 ስኩዌር ጫማ በላይ ለሆነ ህንጻ 5 ዓመት ነበር። አሁን እስከ 8 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሲያበቃ ከአሸዋ በላይ ወጥቶ የሚታየውን ባለቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ያነሳል። አሸዋ ከሸፈነው ይተዉታል።

አሁን ወዳንተ ቤት ስንመጣ፣ የምትጠይቀው «ጆንያ አለ ወይ?» ብለህ አይደለም። ፈቃዱ መቼ ወጣ? መቼ ያበቃል? ይህን ጠይቅ። ፋይሉ ለህዝብ ክፍት ነው። የስቴቱ የባህር ዳርቻ አስተዳደር ቢሮ ደውለህ አድራሻውን ስጣቸው። ደላላው የነገረህን እንደ ማስታወቂያ ቁጠረው።

ዘአሌክሳንድሪያ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ሁሉ ደላላው አንድም አልነገረንም። አንድ ነገር ብቻ፦ የፈቃዱ ጊዜ ቢያበቃም ዓመት ሁለት ዓመት ዝም ይሉናል ወይ?

ሰርቬየሩ

ጋሼ አትበለኝ፣ ገና ነኝ 😊

ዝም የተባለበት ጊዜ አለ፣ አልዋሽህም። ኩሬ ቢች ላይ ዘ ሪጊንግስ የሚባል ኮንዶሚኒየም አለ። ጊዜያዊ ጆንያ የተደረደረው በ1985 ነው። ማራዘሚያ፣ ከዚያ ሌላ ማራዘሚያ፣ በመጨረሻ ኮሚሽኑ ይነሳ ሲል ክርክሩ ፍርድ ቤት ገባ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ጠበቆች አሁንም ስለዚያ ጆንያ ይከራከሩ ነበር። «ጊዜያዊ» እንግዲህ እንዲህ ነው።

ግን አንተ የምትገዛው ቤት ላይ ይህን ተስፋ አድርገህ እንዳትገባ። እነሱ የባለቤቶች ማህበርና ጠበቃ ነበራቸው። ከፊታቸው ደግሞ ኮኪና የሚባል የተፈጥሮ ድንጋይ ስላለ፣ ዳርቻው በአሸዋ ሲሞላ ሙሌቱ ለእነሱ አልደረሰም። ለየት ያለ ጉዳይ ነው።

ህግ_ተማሪዋ

እኔ ግን አንድ ነገር አይገባኝም። መሬቱ የኔ ነው፣ ግብር እከፍላለሁ፣ ቤቴ ሲወድቅ ቆሜ እያየሁ ግንብ አትስሪ ይሉኛል። ይሄ ንብረት መንጠቅ አይደለም? ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የሉካስ ጉዳይ የሚባለውን ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። ሰውየው አይል ኦቭ ፓልምስ ላይ በ1986 ሁለት ቦታ በ975,000 ዶላር ገዛ። በ1988 የወጣው የባህር ዳርቻ ህግ ቤት እንዳይሰራ ከለከለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 ህጉ መሬቱን ፍጹም ዋጋ ቢስ ካደረገበት ካሳ ይገባዋል የሚል መርህ አስቀመጠ። በመጨረሻ ስቴቱ ቦታዎቹን ገዛ። የሚያስቀው፣ ስቴቱ ራሱ ከዚያ በኋላ ቤት ለሚሰራበት ሰው መልሶ ሸጣቸው!

ሰርቬየሩ

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ሉካስ የተከለከለው ቤት መስራት ነው፣ ግንብ መስራት አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለግንቡ የሚቀርበው የኛው የሼል አይላንድ ጉዳይ ነው። ራይትስቪል ቢች ላይ በ1980ዎቹ የተሰራ ትልቅ ሪዞርት ነው። በ1990ዎቹ ሜሰን ኢንሌት የሚባለው የባህር መግቢያ እየተሰደደ ወደ ህንጻው ተጠጋ። ባለቤቶቹ ጠንካራ ግንብ ጠየቁ፣ ተከለከሉ፣ የተፈቀደላቸው ጆንያ ብቻ ነበር። ከሰሱ። በ1999 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ህንጻው ከመሰራቱ በፊት አደጋውም ደንቡም የታወቀ ነበር ነው ነገሩ። በኋላ በ2002 መግቢያው ራሱ በቁፋሮ ወደ ሰሜን ተዛወረ። ህንጻው ዛሬም ቆሟል።

ግብር የምትከፍይው ደግሞ ለመሬትሽ ነው። ከፊትሽ ያለው እርጥብ አሸዋ የህዝብ ነው። ግንብሽ የሚያጠፋው ያንን ነው።

ህግ_ተማሪዋ

እሺ፣ የሼል አይላንዱን አላውቀውም ነበር፣ አነበዋለሁ። ግን አሁንም የቆየ ቤት ያለው ሰው ያሳዝነኛል። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የሰራስ?

የባህር_ዳር_ልጅ_በካሊ

እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ እኛ ጋ ካሊፎርኒያ በሌላ መልክ አለ። የ1976ቱ የባህር ዳርቻ ህግ «ነባር ህንጻ» አደጋ ላይ ከሆነ መከላከያ ግንብ ሊፈቀድለት ይገባል ይላል። ነባር ማለት ከመቼ ጀምሮ? ሃፍ ሙን ቤይ ላይ በ2016 ማዕበል ገደሉን ሲንደው ለኮንዶሚኒየሞቹ በአስቸኳይ ፈቃድ ድንጋይ ተደረደረላቸው። ቋሚ ግንብ ሲጠይቁ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2024 የሰጠው ውሳኔ፣ ነባር ማለት ህጉ ስራ ላይ ከዋለበት ከጃንዋሪ 1977 በፊት የተሰራ ነው የሚል ነው። ስለዚህ በ1980ዎቹ የተሰራ ቤት ያለው ሰው እዚህ አካባቢ እንቅልፍ የለውም።

ናፍቆት_ዘዴይቶና

እኔ ፍሎሪዳ ነኝ፣ ዴይቶና አካባቢ። በ2022 መስከረም ላይ ኢያን የሚባለው አውሎ ነፋስ ዳርቻውን ሙልጭ አድርጎ አጥቦት ሄደ። በኖቬምበር ሌላዋ አውሎ ነፋስ ኒኮል ስትመጣ የሚከላከል አሸዋ አልነበረም። ኒኮል ምድብ አንድ ብቻ ነበረች፣ ሰው ንቋት ነበር። ዊልበር ባይ ዘ ሲ የሚባለው ሰፈር ቤቶቹ ከነ ጓሯቸው ባህር ውስጥ ገቡ። ከስራ ባልደረቦቼ አንዷ ዘመዷ እዚያ ነበር። ሌሊት በነፍስ ወጡ።

እዚህ ህጉ ከናንተ ይለያል። ፍሎሪዳ ግንብ ፈጽሞ ክልክል አይደለም። ማዕበል መጥቶ ህንጻ አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ከተማው ወይም ካውንቲው የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። ጊዜያዊ መከላከያ ታቆማለህ። ከዚያ በ60 ቀን ውስጥ ወይ ታነሳዋለህ ወይ ለቋሚ ፈቃድ ታመለክታለህ። ከኒኮል በኋላ ብዙ ሰው ግንብ ለመስራት ሰልፍ ያዘ። ኮንትራክተር ማግኘት ራሱ መከራ ነበር።

ዘአሌክሳንድሪያ፣ ስለ ኢንሹራንስ ጠይቃችኋል? ከጆንያው ይልቅ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

ቡና_ሶስተኛ

ማሳቹሴትስ ሳልስበሪ ላይ ጎረቤታሞች ተሰብስበው ወደ 600,000 ዶላር አዋጥተው አሸዋ አስደፉ። ማርች 2024 ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ማዕበል ጠርጎ ወሰደው። ገንዘብ በጥሬው ባህር ውስጥ መጣል ከፈለጋችሁ ቤት መግዛት አያስፈልጋችሁም ለማለት ያህል ነው።

ኢንሹራንስ_ቤት

ቡና፣ እሱ እንኳ ለፍትህ ያህል፣ ባለቤቶቹ አሸዋው ስራውን ሰርቷል ነው የሚሉት። ማዕበሉ ቤቱን ሳይበላ አሸዋውን በላ። አንዴ የሚበላ መከላከያ ነው፤ የአሸዋ ክምርም ባህሪው ያው ነው። ችግሩ በየዓመቱ ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

ስለ ኢንሹራንስ፦ የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለመኖሪያ ቤት ህንጻው ቢበዛ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃው 100,000 ዶላር ነው የሚሸፍነው። ይህ ጣሪያው ነው። ቤቱን በ700 ሺህ ብትገዙት የቀረው የናንተ ነው። መሬቱን አይሸፍንም። መሬቱ ደግሞ ነው የሚሄደው።

ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ቤቱ ሲጎዳ ወይም ሲወድቅ ነው። አስቀድመህ በገዛ ፈቃድህ አፍርሰህ ብታነሳው አይከፍልህም። በ1987 አፕተን ጆንስ የሚባል ማሻሻያ ወጥቶ ለማፍረስም ለማዛወርም አስቀድሞ ይከፈል ነበር። በ1990ዎቹ ቀረ። ስለዚህ አሁን ባለቤቱ ቤቱ ባህር ውስጥ እስኪወድቅ መጠበቅ ይሻለዋል። አውተር ባንክስ ውስጥ ሮዳንቴ በምትባል መንደር ባህር ውስጥ ሲወድቁ በቪዲዮ ያያችኋቸው ቤቶች፣ ብዙ ሰው «ለምን ቀድመው አላፈረሱትም» ይላል። መልሱ ይሄ ነው። ያበሳጫል፣ ግን የተዋቀረው እንዲህ ነው።

ደግሞም በ1982 በወጣው የባህር ዳርቻ ደሴቶች ህግ የተከለሉ ቦታዎች ላይ ህጉ ከወጣ ወዲህ ለተሰራ ቤት የፌዴራል የጎርፍ ኢንሹራንስ ጭራሽ አይሸጥም። እዚያው ኖርዝ ካሮላይና ያለው ኖርዝ ቶፕሴል ቢች ትልቁ ክፍሉ እዚያ ውስጥ ነው። ቤታችሁ በዚያ ካርታ ውስጥ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ። ከሆነ ሞርጌጁም ይቸግራችኋል።

የኔታንያው

ሰላም ከእስራኤል። ክሩን ሳነብ የኛን ከተማ አስታወሰኝ። ኔታንያ ላይ ችግሩ ገደል ነው። ኩርካር የሚባል ለስላሳ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ማዕበሉ ከስር ይበላውና ከላይ ይናዳል። ከላይ ደግሞ ህንጻና መንገድ አለ። መንግስት ለዚሁ ስራ ብቻ ኩባንያ አቋቁሟል። እኛ ጋ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ባህሩ ውስጥ የማዕበል መስበሪያ ድንጋይ ተሰርቷል። እናንተ ጋ ሁሉም በየቤቱ ፊት ጆንያ መደርደሩ ይገርማል። ባህሩ እኮ የሁሉም ነው፤ አንድ ቤት ብቻውን እንዴት ይከላከለዋል?

ሰርቬየሩ

የኔታንያው፣ ልክ ብለሃል። እዚህም ከተማ ሲተባበር ውጤት አለ። አውተር ባንክስ ውስጥ ያለው ናግስ ሄድ የሚባለው ከተማ በ2011 በራሱና በአካባቢው ገንዘብ፣ 36 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ 10 ማይል ዳርቻ አሸዋ ሞላ። ከባህር ወለል በመርከብ እየተጠባ በቧንቧ የሚመጣ አሸዋ ነው። ከዚያ በፊት ደቡብ ናግስ ሄድ ላይ በየቤቱ ፊት ይታይ የነበረው ጆንያ ብዙው ተሸፈነ። ግን የሚያልቅ ስራ አይደለም፣ በየጊዜው መድገም አለባቸው። ሮዳንቴ ግን ትንሽ መንደር ነች፣ ግብር የሚከፍለው ሰው ጥቂት ነው። ካውንቲው አስጠንቶት ወጪው 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲመጣ ገንዘብ የለም ተባለ።

አይናለም_ሜሪላንድ

ይቅርታ፣ ለኔ ይሄ ሁሉ የሀብታም ችግር ነው። ሁለተኛ ቤታቸውን ባህር ላይ ይሰራሉ፣ ኢንሹራንሱን በኛ ግብር ይደጉማሉ፣ ሲወድቅ ፍርስራሹን በኛ ግብር ያስጠርጋሉ። ልጆቼን ይዤ ስሄድ ደግሞ ጆንያው መንገድ ይዘጋብኛል። ሞገዱ ከፍ ሲል በጆንያውና በውሃው መካከል መቆሚያ የለም። አንዴ ተጣብቀን ቆመን ሞገዱ እስኪመለስ ጠብቀናል።

ዘአሌክሳንድሪያ

አይናለም፣ እኛ እንኳ ሀብታም አይደለንም፣ የእቁብ ልጆች ነን 😅 ሀሳብሽ ግን ገብቶኛል።

ዜና አለኝ። ቢሮው ደወልኩ። ሴትየዋ በጣም ጥሩ ሰው ነበረች፣ ፋይሉን በኢሜይል ላከችልኝ። ፈቃዱ ያለው በቀድሞው ባለቤት ስም ነው። የሚያበቃው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከዚያ በላይ ያስደነገጠን ደግሞ ሴፕቲኩ ነው። ደላላው «ሴፕቲክ አለው» ብሎን ነበር። አለው፣ ግን ከጆንያው ጀርባ ጥቂት ጫማ ላይ ነው፣ አንዴ ማዕበል አጋልጦት ተጠግኗል።

ኮንትራክተሩ ጓደኛዬ አሁን ደግሞ «ታዲያ ቤቱን በሙሉ አንስተን ወደ ኋላ እንጎትተው» እያለ ነው። ይሄ ሰው ዝም አይልም። ይቻላል?

ሰርቬየሩ

እሱ ሰውዬ ይመቸኝ ጀመር። ከተናገራችሁት ሁሉ እስካሁን ጥሩው ሀሳብ የሱ ነው።

ይቻላል። ቤቶቹ ምሰሶ ላይ ስለሆኑ ለመነሳት ምቹ ናቸው። ሮዳንቴ ላይ የጎተቱ ሰዎች አሉ። እዚያው አውተር ባንክስ ውስጥ ባክስተን በምትባል መንደር፣ ለመርከቦች የሚያበራውን የኬፕ ሃተራስን መብራት ቤት በ1999 አንስተው 2,900 ጫማ ወደ ኋላ ወስደውታል፤ የ1870 የጡብ ማማ! ቤት ከዚያ አይከብድም። ጥያቄው የት ታሳርፈዋለህ ነው።

ህጉ የሚለካው ከመጀመሪያው የተረጋጋ የተፈጥሮ ዕጽዋት መስመር ነው። የአካባቢው ዳርቻ በዓመት በአማካይ ስንት ጫማ እንደሚሸረሸር ስቴቱ ያወጣው ካርታ አለ፣ ለየቦታው ታየዋለህ። ያን ቁጥር በ30 ታባዛለህ። ይህ ከ5,000 ስኩዌር ጫማ በታች ለሆነ ቤት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ርቀቱ ከ60 ጫማ አያንስም። እንግዲህ በዓመት 10 ጫማ የሚሸረሸር ከሆነ 300 ጫማ ወደ ኋላ መሆን አለብህ። ሮዳንቴ ላይ ከዚያም የሚበልጥበት አለ። አብዛኛው የባህር ዳር ቦታ ደግሞ ያን ያህል ጥልቀት የለውም፤ ከጀርባው መንገድ ነው። ስለዚህ ከመንገድ ማዶ ሌላ ቦታ መግዛት ይመጣል።

ይህ ቁጥር ሌላም ጣጣ አለው። ማዕበል ቤታችሁን ጎድቶ የጥገናው ወጪ ከቤቱ ዋጋ ከግማሽ በላይ ከሆነ እንደ አዲስ ግንባታ ነው የሚቆጠረው። አዲስ ፈቃድ፣ አዲስ ርቀት። ርቀቱን ካላሟላ መልሳችሁ መስራት አትችሉም። ባዶ አሸዋ ይዛችሁ ግብር ትከፍላላችሁ። ለዚህ ነው ዋጋው ግማሽ የሆነው።

ሴፕቲኩንም ችላ እንዳትሉ። ብዙ ሰው ቤቱ መቼ ይወድቃል ብሎ ያስባል። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ሴፕቲኩ ነው የሚሄደው። ሴፕቲክ ከሌለ ጤና ጥበቃ ሰው እንዲገባበት አይፈቅድም። ቆሞ የሚታይ፣ ግን የማይከራይ ቤት ይሆናል። እናንተ የምትገዙት ደግሞ ለማከራየት ነው።

ናፍቆት_ዘዴይቶና

እኔ ብሆን እሸሻለሁ። ርካሽ ቤት አጥታችሁ ነው?

ቡና_ሶስተኛ

አሁን ቀልዱን ትቼ ልናገር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሰመሩ ሁለት ዓመት ጥሩ ያሰራችሁና በሦስተኛው ኖርኢስተር (ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ከባድ ማዕበል) ይመጣል። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ባክስተን ላይ አምስት ቤት በአንድ ከሰዓት ነው የወደቀው። በዚያ ሰሞን የነበሩት አውሎ ነፋሶች ዳርቻውን እንኳ አልነኩትም፣ ሩቅ ባህር ላይ ነበሩ። የላኩት ሞገድ ብቻ በቃ።

ኢንሹራንስ_ቤት

በዋጋው ላይ መደራደር ብቻ አይበቃም። ከፈረማችሁ፣ ሻጩ የሴፕቲክ ምርመራውን፣ የጆንያውን ፈቃድና ነባሩን የጎርፍ ኢንሹራንስ ፖሊሲ በጽሁፍ ካላቀረበ ቅድመ ክፍያችሁን ይዛችሁ መውጣት የምትችሉበት አንቀጽ ውሉ ውስጥ ይግባ። ጠበቃው የናንተ ይሁን፣ የደላላው ጓደኛ አይሁን። እንዲሁም ቤቱ ቢወድቅ ፍርስራሹን የሚያነሳው ማን እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን ልንገራችሁ፦ ባለቤቱ ነው። እዚያ አካባቢ ያለውን ዳርቻ በሚያስተዳድረው ብሔራዊ ፓርክ ላይ ከተበተነ ደግሞ ማይሎች ሄዳችሁ ነው የምትለቅሙት።

አይናለም_ሜሪላንድ

ፓርኩ ራሱ በ2023 ሮዳንቴ ላይ ሁለት ቤት ገዝቶ አፍርሷል። ይሄንን ነው እኔ የምደግፈው። ጆንያ ከመደርደር ገዝቶ ማንሳት፣ ዳርቻውን ለህዝብ መልሶ መስጠት። ደግሞ ስድብ እንዳይመስልብህ ዘአሌክሳንድሪያ፣ ላንተ አይደለም።

ሰርቬየሩ

እኔም እደግፋለሁ አይናለም። ግን ሁለት ቤት ነው፣ ገንዘቡም ከ700,000 ዶላር በላይ ወጥቷል። ያን ዳርቻ በሙሉ እንዲህ ይገዙታል ብዬ አልጠብቅም። ደግሞ ደንቡን በጣም አትውቀሱት። ጆንያው የተፈቀደው ባለቤቱ ትንፋሽ እንዲያገኝ ነው፤ ቤቱን እንዲያዛውር፣ ወይም ከተማው አሸዋ እስኪሞላ እንዲቆይ። የተበላሸው ሰው ጊዜውን ሳይጠቀምበት ማሳለፉና በመጨረሻው ዓመት ላይ ቤቱን ለሌላ መሸጡ ነው።

ዘአሌክሳንድሪያ

ትናንት ማታ አራታችንም ተሰብስበን ተነጋገርን። ሁለታችን ትተነዋል። አንዱ አሁንም ዋጋው ያጓጓዋል። ኮንትራክተሩ ደግሞ ከመንገድ ማዶ ያለውን ባዶ ቦታ ዋጋ እየጠየቀ ነው፤ ቤቱን በርካሽ ገዝተን እዚያ እንጎትተው ነው ሀሳቡ። ሰርቬየሩ፣ በውስጥ መስመር ጻፍኩልህ፣ ቦታውን እንድትለካልን። ክፍያህን እንከፍላለን፣ እንደ ዘመድ አትየን።

ሰርቬየሩ

አይቼዋለሁ። ከመለካቴ በፊት ግን የዚያ ቦታ ሴፕቲክ የሚወጣበት አፈር መኖሩን ካውንቲው ያረጋግጥላችሁ። ከመንገድ ማዶ ረግረግ የሆነ ብዙ ቦታ አለ። አፈሩ ካለፈ ነው የኔ ስራ የሚመጣው። የመጎተቻውን ዋጋ ደግሞ ቢያንስ ከሁለት ኩባንያ ጠይቁ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማንሻና የመንገድ መዝጊያ ፈቃድ ውስጡ መካተቱን ተመልከቱ።

ሰላም_ነኝ

ክሩን አሁን ነው ያየሁት። እኛ ጁላይ ላይ ሮዳንቴ ቤት ተከራይተናል፣ ልጆች አሉን። እንሰርዘው?

ሰርቬየሩ

አትሰርዙ፣ ደስ የሚል ቦታ ነው። ቤቱ ባህሩ ጠርዝ ላይ ከሆነ ብቻ አከራዩን ሴፕቲኩ እየሰራ መሆኑን ጠይቂው። የፓርኩንም ማስታወቂያ ተመልከቺ፤ ቤት የወደቀበት አካባቢ ዳርቻውን ይዘጋሉ። ልጆቹ ጫማ አድርገው ይሂዱ። በ2022 ከወደቁት ቤቶች የአንዱ ፍርስራሽ ከ10 ማይል በላይ ተበትኖ ነበር፣ ሚስማር ደግሞ አሸዋ ውስጥ አይታይም።

ሰላም_ነኝ

አመሰግናለሁ። ዛሬውኑ እደውላለሁ።